እምቢ ማለት የማይችል መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ትንሽ የቤት መኪና ሲገዛ ጎረቤቱ «እንኳን ደስ አለህ!» ይለዋል። ፒክአፕ ሲገዛ ግን «እንኳን ደስ አለን!» ነው የሚባለው። ብልጥ የሆነ ገዢ ነገሩ ያኔውኑ ይገባዋል። የዋሁ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ይገባዋል።

እኔ የምኖረው ሁለቱ ዓይነት መኪኖች ጎን ለጎን በሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ነው። አንደኛዋ የኔዋ ቪትዝ ናት፤ አፍንጫዋ አጭር፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ የትም ጠባብ ቦታ ገብታ የምትቆም። ሁለተኛው የአከራያችን ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው አከራያችን፣ በፈረንጅ 1990 የተሠራ ባለ አንድ ጋቢና ሃይሉክስ አላቸው። ቀለሙ በወጣትነቱ ነጭ እንደነበር ሊብሬው ይመሰክራል።

ሁለቱም የቶዮታ ልጆች ናቸው፤ ግን አንዱን ልጁን እርሻ ላይ አስቀርቶ ሌላዋን አውሮፓ ልኮ ያስተማረ አባት ያሳደጋቸው ይመስላሉ። ሃይሉክስ ወደ ገበያ የወጣው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ሲጀመር የሚገጣጥመው የጭነት መኪና ሠሪው ሂኖ ስለነበር፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለ ሸክም ሲወራ እየሰማ ነው ያደገው። ቪትዝ የመጣችው በ1999 ነው። መልኳን የሳለው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ሲሆን፣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ በሚል ስም በ2000 የዓመቱ ምርጥ መኪና ተብላ ተሸልማለች። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ቪትዟን ከጎማ እስከ ጣሪያ ተመለከቱና «ለምን አሏት?» አሉኝ።

ልዩነታቸው የሚጀምረው ጠዋት ሲነሱ ነው። ቪትዟ ቁልፍ ስትዞርላት ትነሳለች፤ በቃ። መነሳቷን ለማረጋገጥ ዳሽቦርዷ መሃል ላይ የሚበራውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። የሃይሉክሱ አነሳስ ግን ሥርዓት አለው። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው ሞተሩ ውስጥ በታመቀው አየር ግለት ነው። ስለዚህ በብርድ ጠዋት መጀመሪያ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ መጋል አለባቸው። ጋሼ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ያዞሩና ጥቅልል ሽቦ የተሳለባት ብርቱካናማ መብራት እስክትጠፋ ይጠብቃሉ። በዚህ መሃል ያማትባሉ፣ ስፖኪዮውን በእጅጌያቸው ይወለውላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ሞተሪኖው አንዴ ያቃስታል፣ ሁለቴ ያቃስታል፣ በሦስተኛው ግቢው በሙሉ ይነቃል። ባለቤታቸው እትዬ የጠዋቱን ጢስ ጠባይ ስለሚያውቁ ልብስ የሚያሰጡት ጋሼ ከወጡ በኋላ ነው።

የበሮቻቸው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ወግ ነው። ቪትዝ ውስጥ የገባ ሰው በር ሲዘጋ ባለመኪናው ፊቱን ያኮማትራል፤ «ቀስ አድርገህ ዝጋት እንጂ ወንድሜ!» ማለት የቪትዝ ነጂዎች ሁሉ የጋራ ጸሎት ነው። ሃይሉክስ ውስጥ ግን ተሳፋሪው በትሕትና የዘጋው በር አልተዘጋም። «እንደገና!» ይላሉ ጋሼ። ይደግማል። «ልጄ፣ ቁርስ አልበላህም እንዴ?» ይላሉ። በሦስተኛው እንግዳው ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ ሲደረግመው ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው ማርሽ ያስገባሉ። ከሳቸው ጋር ሰንብቶ እኔጋ የሚሳፈር ሰው ስላለ፣ እኔ ተሳፋሪዬን ከማስገባቴ በፊት ቀደም ሲል በምን መኪና እንደሄደ እጠይቃለሁ።

ስለ ጉልበት ካነሳን፣ ቁጥሩ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። የቪትዟ ሞተር 997 ሲሲ ነው፤ አንድ ሺህ ለመሙላት ሦስት ሲሲ ቢጎድላትም ሁላችንም ጨምረንላት «አንድ ሺህ ሲሲ» እንላታለን። የሃይሉክሱ ናፍጣ 2,779 ሲሲ ነው። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሞተር የሚያወጣው የፈረስ ጉልበት ግን ከሷ በሃያ ቢበልጥ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የዱሮ ናፍጣ ነዋ። ብልጫው ሌላ ቦታ ነው። ሞተሩ ገና ሳይጮህ፣ ከታች የሚስብበት ኃይል የቪትዟን እጥፍ ያህላል። ስለዚህ ሜዳ ላይ እቀድማቸዋለሁ፤ ድንጋይ ጭነን አቀበት ስንወጣ ያልፉኛል። እርግጥ እኔ ድንጋይ ጭኜ አላውቅም። ይህም ወደ ዋናው ነገር ያደርሰናል፤ ግን መጀመሪያ አቀበቱን እንጨርስ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተር የሚሠራው ነዳጅ ከአየር ጋር አቃጥሎ ነውና፣ ሩጫ ያልለመደ እንግዳ ጃን ሜዳ ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ሞተሩም ያጥረዋል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ ቪትዟ ውስጥ የሚደረገውን ማየት ነው። መጀመሪያ ኤሲው ይጠፋል። ቀጥሎ ወሬው ይጠፋል። ከዚያ ማንም ሳያዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ዘንበል ይላል፤ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት አክስቴ ደግሞ «በለው እመቤቴ!» እያሉ በጸሎት ያግዛሉ። የጋሼም ናፍጣ ከአየሩ እጥረት አያመልጥም። እሱ ግን ቅሬታውን የሚገልጸው በጥቁር ጢስ ነው፤ እሱም ከኋላ ለሚከተለው እንጂ ለጋሼ አይታያቸውም።

ብልሽት ሲመጣ ሕክምናቸው ለየቅል ነው። ሃይሉክሱን የሚያየው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን ያስጠጋል። «ጋዝ ስጠው... ተወው... ስጠው...» ይልና መዶሻ፣ ሽቦና ካናቴራ ቅዳጅ ይዞ ይገባል። ከሻንሲው እስከ ባሌስትራው የሚታይ፣ የሚነካ፣ የሚበየድ ብረት ነው። መለዋወጫ ካስፈለገ ሶማሌ ተራ አለ፤ እዚያ የዚህ ዘመድ ብሎን ያልያዘ ሱቅ ማግኘት ይከብዳል። ቪትዟ ግን ስትታመም ዳሽቦርዷ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ታበራና ዝም ትላለች። ሕመሟን የምትናገረው ለኮምፒዩተር ብቻ ነው። ባለሙያው ገመድ ሰክቶ ስክሪኑን ሲያነብ እኔ ቆሜ የሱን ፊት አነባለሁ። «ሴንሰር ነው» ይላል። መካኒክ «ሴንሰር ነው» ሲል ሐኪም «ጋዝ ነው» ሲል የሚሰማኝ ስሜት ይሰማኛል፤ ቀላል ይመስላል፣ ግን ወዲያውኑ አላምንም።

ዝናን በተመለከተ ጋሼን የሚረታቸው የለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ቻድና ሊቢያ ሲዋጉ፣ የቻድ ተዋጊዎች ሚሳይል በጫኑ የቶዮታ ፒክአፖች በረሃውን እያቋረጡ የሊቢያን ታንኮች ድል ስላደረጉ ጦርነቱ «የቶዮታ ጦርነት» ተብሎ ታሪክ ውስጥ ገብቷል። በ2003 ደግሞ የእንግሊዞቹ «ቶፕ ጊር» የቴሌቪዥን ፕሮግራም አንድ የ1988 ናፍጣ ሃይሉክስ ገዝቶ ለማጥፋት ያልሞከረው ነገር አልነበረም። ባሕር ውስጥ ነከሩት፣ ሕንፃ ማፍረሻ ኳስ አጋጩት፣ እሳት ለቀቁበት፤ በመጨረሻም ፎቅ አናት ላይ አውጥተው ፎቁን ከነመኪናው አፈረሱት። ከፍርስራሹ ሲወጣ መካኒክ ያለ አንዳች አዲስ መለዋወጫ ነካካውና ሞተሩ ተነሳ። ጋሼ ቪዲዮውን በልጃቸው ስልክ ያዩት ቀን አልተገረሙም። «እነዚህ ሰዎች ምነው ደከሙ?» አሉ፤ «ለኛ እድር አንድ ዓመት ቢያውሱት ይበቃ ነበር።»

እንግዲህ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሃይሉክስን ባሕርም እሳትም ፎቅም አላሸነፈውም። የሰፈር ሰው ግን ሌላ ነው።

ሰፈራችን ሰው ሲሞት፣ ጥሩምባ ነፊው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት የጋሼ ስልክ ይጮኻል። ድንኳኑ፣ የድንኳኑ ብረት፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ ከእድሩ መጋዘን በሃይሉክሱ ይመጣል። ሠርግ ሲሆንም ያው ድንኳን በዚያው መኪና ይሄዳል፤ ልዩነቱ የጋሼ ልብስ ብቻ ነው። ዕቃ መጫን ላይ ደግሞ ጠያቂው ሁሉ ያጠናው ዘዴ አለው። ማንም ሰው «ጋሼ፣ ሥራ አለዎት?» ብሎ አይጠይቅም፤ ጡረተኛ ናቸውና ሥራ እንደሌላቸው ይታወቃል። የሚጠየቀው ስለ መኪናው ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ መኪናው ይሠራል?»

«ኧረ እንጃ፣ ፍሬኑ ትንሽ...»

«አንዲት አልጋ ብቻ ናት ጋሼ። ከጀሞ አያት።»

ከጀሞ አያት ማለት ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ መሰንጠቅ ነው። ጀሞ ሲደረስ ደግሞ አንዲቷ አልጋ ወልዳ ትገኛለች፤ ቁምሳጥን፣ ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ የውሃ በርሜል፣ የእንጀራ ምጣድ፣ በተሰበረ ሳፋ የተተከለ ጤና አዳም። ሁሉም ካሶኒው ላይ ይደረደርና በገመድ ይታሰራል። ቴሌቪዥኑ ብቻ እንዳይሰበር ጋቢና ይገባል፤ እሱን አቅፈው የሚቀመጡት የቤተሰቡ አያት ናቸው፤ አያትን የምታቅፈው የልጅ ልጃቸው ናት። ጋሼ ማርሽ በቀየሩ ቁጥር የአያትን ጉልበት ይቅርታ ይጠይቃሉ። ሲነሱ «ነዳጁን እኛ እንችላለን» የተባለው ነገር አያት ሰፈር ሲደርሱ «እግዜር ይስጥልን» ይሆናል። እግዜር ይስጥልን ታላቅ ምርቃት ነው፤ ማደያ ላይ ግን አይቀዳም።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ይህን ያሉት ፒክአፕ ከመፈልሰፉ በፊት ነው። ዛሬ ሃምሳው ሰው ሎሚውን ለጋሼ አስረክቦ እጁን እያወዛወዘ ይመጣል።

ሊብሬው ላይ ያለው ስም የጋሼ ነው፤ ቦሎውን የሚያስለጥፉት፣ ጎማውን የሚቀይሩት፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆም ወርደው የሚለማመጡት እሳቸው ናቸው። መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ግን ሰፈሩ ነው። ይህን ዓመታት ሙሉ በመስኮት እየተመለከትኩ የደረስኩበት ድምዳሜ አለ። መጽሔቶች መኪና ሲያወዳድሩ ፍጥነቱን፣ የነዳጅ ፍጆታውን፣ የጭነት አቅሙን ይዘረዝራሉ። በኛ ከተማ ዋናው መለኪያ ሌላ ነው፦ መኪናው ባለቤቱን ምን ያህል እምቢ ያሰኘዋል? ቪትዝን የገዛሁት ለዚህ ነው። የሷ ትልቁ መሣሪያ ትንሽነቷ ነው። «አይ፣ ብትችልማ ምን ገዶኝ!» እያልኩ ከንፈሬን እመጥጣለሁ፤ ጠያቂውም ቪትዟን አይቶ ያዝንልኛል፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ሃይሉክሱ ያዞራል። ይሉኝታ እንዲህ በመኪና መጠን የሚለካበት ሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ይህ ምሽግ የፈረሰው በአንድ በግ ነው። የፋሲካ ዋዜማ የባለቤቴ አጎት ከሾላ ደወሉ። «በጉ ትንሽ ነው» አሉ። በጉ ትንሽ አልነበረም። ቀንዱ ብቻውን መቀመጫ የሚፈልግ፣ የመንዝ ብርድ ያላሸነፈው ሙክት ነው። የኋላውን ወንበር አጠፍን፣ ላስቲክ አነጠፍን፣ እግሩን አስረን በኋላው በር አስገባነው። ገና መገናኛ ሳንደርስ ራሱን በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል አሾልኮ መንገዱን መመልከት ጀመረ። የቪትዝ የፍጥነት ቁጥር ያለው ከመሪው ፊት ሳይሆን ዳሽቦርዱ መሃል ላይ በመሆኑ ለበጉ ከኔ ይልቅ ይታየዋል፤ ፍጥነት በጨመርኩ ቁጥር «ባ...» ይል ነበር። ያስቆመን ትራፊክ ፖሊስ ወደ ውስጥ አጎንብሶ ሦስታችንንም በተራ አየንና፣ «እሱ ቀበቶ አላሰረም» ብሎ አሰናበተን።

ግቢ ስንደርስ የጎረቤት ዓይን ሁሉ ተቀበለን። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ሆነው በጉ ሲወርድ፣ ቀጥሎ አጎት ሲወርዱ፣ ቀጥሎ ሽንኩርትና ዶሮ ሲወርድ በጸጥታ ተመለከቱ። «ለካ ትችላለች!» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ «በግ የጫነች ኩንታል ጤፍ ያቅታታል?» የሚል መከራከሪያ ተፈጥሯል። ኩንታል ጤፍ መቶ ኪሎ ነው፤ ቪትዟ እሱን ስትሸከም ኋላዋ ተቀምጦ መብራቶቿ ኮከብ ይቆጥራሉ። መንገድ ዳር ስቆም ደግሞ የማላውቀው ሰው የኋላ በሯን ከፍቶ ይገባና «ቦሌ መድኃኔዓለም» ይለኛል። በከተማው ራይድ ታክሲ የሚሠሩት ቪትዞች እጅግ ብዙ ስለሆኑ አይፈረድበትም። ቢያንስ እሱ ሊከፍል ያሰበ ነው፤ ዘመድ በኔ መኪና ሲገባ ሒሳብ ጠይቆ አያውቅም።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አይሸጡትም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ዋጋው ጥሩ ነው። ሌላ አገር መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል፤ እኛጋ ቆሞም ይወደዳል። የውጭ ምንዛሬ እንደልብ አይገኝ፤ የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ቀድሞ የገባው ሁሉ እንደ ርስት ተቆጥሯል። ደላላው በየጊዜው እየመጣ የሃይሉክሱን ጎማ በእግሩ ነካ እያደረገ አዲስ ዋጋ ይጠራል።

ጋሼ ለጥያቄዬ አልመለሱም። መልሱን ያገኘሁት ሃይሉክሱ ካምቢዮው ተፈቶ ጋራዥ የተኛ ጊዜ ነው። ሰፈሩ ይህን አውቆ መደወል አቆመ። በሩ አልተንኳኳም፤ ቅዳሜም እሑድም የጋሼ ሆኑ። ለዓመታት የተመኙት ዕረፍት መጣላቸው። መጀመሪያ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ስልካቸውን አነሱና ይሠራ እንደሆነ አዩ። ከዚያ ወደኔ ቤት መጥተው «እስቲ ደውልልኝ» አሉ፤ ደወልኩ፤ ጮኸ። በማግስቱ ማለዳ ጋራዥ ሄደው መካኒኩን ቁም ስቅሉን ሲያሳዩት ዋሉ። መኪናው ተመልሶ ግቢ የገባ ዕለት ገና ኮፈኑ ሳይቀዘቅዝ አንዲት እናት መጡ፤ «ጋሼ፣ አንድ ምጣድ ብቻ ናት...» አሉ። «እኔን አይበቃኝም እንዴ!» ብለው ጋሼ ተቆጡ፤ እየተቆጡ ግን ኮታቸውን ይለብሱ ነበር።

ያን ቀን ነው የቪትዝን ዋጋ በሙሉ ያወቅኩት። ቅዳሜዬ የራሴ ነው፤ ስልኬም አይጮኽም። ለቅሶ ስደርስ ወንበር ይሰጠኛል፤ ጋሼ ሲደርሱ ግን ሰው ከወንበሩ ይነሳል። ስለዚህ ዛሬ «ትንሿን ልግዛ ወይስ ፒክአፑን?» ብሎ ለሚያማክረኝ ሰው ስለ ሲሲና ስለ ሊትር አልነግረውም። «ስንት ዘመድ አለህ?» እለዋለሁ። ብዙ ነው ካለኝ «ስንቱን ትፈልገዋለህ?» ብዬ እጨምራለሁ። መልሱ መኪናውን ይመርጥለታል።

ሰሞኑን በሰፈራችን ሦስተኛ መንገድ ያገኘ ሰው ብቅ ብሏል። ከኛ ሁለተኛው በር ያለው ወጣት ቢዋይዲ ሲጋል ገዛ፤ ከቪትዝ እምብዛም የማትበልጥ፣ ያለ ድምፅ የምትሄድ፣ ነዳጅ የማታውቅ የኤሌክትሪክ መኪና። ፋብሪካው በትንሿ ባትሪ 305 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። ለወጣቱ ግን የምትጠቅመው በማትሄድበት ጊዜ ነው። የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ ስልኩን አውጥቶ ያያል፣ ፊቱን ያጠቁራል፣ «ውይ፣ ቻርጅ የላትም!» ይላል። እኔና ጋሼ በቅናት ተያየን፤ ይህን የመሰለ ሰበብ በቤንዚንም በናፍጣም ተፈልጎ አልተገኘም።

ባለፈው የእድር ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ወጣቱን አስነሥተው፣ ለተዝካር እንግዳ የሚያመላልስ ትንሽ መኪና እንደሚያስፈልግ ነገሩት። «በደስታ ነበር» አለ፤ «ግን መብራት እየጠፋ ቻርጅ የላትም።»

«ግድ የለም ልጄ» አሉ ሰብሳቢው፤ «እድራችን ጀነሬተር ገዝቷል። ነገ ጠዋት ጋሼ በሃይሉክሱ ያመጡልሃል።»